የፓወር ትራንዚስተር ምርመራ፦ ቴስተሩ «ደህና ነው» እያለ አምፕሊፋየሩ ፊውዝ ሲያቃጥል

ኦዲዮ_ሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እጄ ላይ ያለው የአዳራሽ አምፕሊፋየር ነው። በአንድ ቻናል አራት 2ኤስሲ5200 እና አራት 2ኤስኤ1943 የሚባሉ ፓወር ትራንዚስተሮች አለው፤ ሬይሉ (ዋናው የዲሲ ኃይል መስመር) ±65 ቮልት፣ የኢሚተር ሬዚስተሮቹ 0.22 ኦም 5 ዋት ናቸው። የግራው ቻናል እንደተከፈተ የፕላስ ሬይሉን ፊውዝ ያቃጥላል፤ ቀኙ ግን ይሠራል። ትራንዚስተሮቹን ቦርዱ ላይ እንዳሉ ስለካቸው አራቱም 5200 ከኮሌክተር ወደ ኢሚተር (ዋናው ከረንት በሚያልፍባቸው ሁለት እግሮች) ይጮሃሉ፤ ቴስተሩ ሾርት ናቸው ይላል። 1943ዎቹ አይጮሁም።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አራቱም በአንድ ጊዜ ሄደዋል ማለት ነው? ሁሉንም ሳልነቅል የተበላሸውን መለየት ይቻላል? ከነቀልኩ በኋላስ በዳዮድ መለኪያ ያለፈውን «ደህና ነው» ብዬ መመለስ እችላለሁ?

ቮልት220፦
ቴስተር ከማስጠጋትህ በፊት ካፓሲተሮቹን አፍስስ። 10,000 ማይክሮፋራድ በ65 ቮልት ሲሞላ የያዘው ጉልበት ከ20 ጁል በላይ ስለሆነ በካቻቪቴ ሾርት ማድረግ ቦርዱንም ካፓሲተሩንም ይጎዳል። 1 ኪሎኦም 5 ዋት ሬዚስተር በአዞ መቆንጠጫ አያይዝበትና ለእያንዳንዱ ካፓሲተር አንድ ደቂቃ ያህል ስጠው። ከዚያ ቮልቱን ለካ፤ ከ1 ቮልት በታች ሲወርድ ሥራህን ቀጥል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ አራቱም ሄደዋል ማለት አይደለም። የአራቱም ኮሌክተር በአንድ ሬይል ላይ ነው፤ ኢሚተራቸው ደግሞ በየራሱ 0.22 ኦም አልፎ አንድ መውጫ ላይ ይገናኛል። ስለዚህ አንዱ ሾርት ካደረገ ጤነኛውን ስትለካ ቴስተሩ በሁለት ሬዚስተር ዞሮ ሾርት ያደረገውን ነው የሚያየው፤ 0.44 ኦም ማለት ነው። ተራ ቴስተር 0.44ን ከ0 አይለይም፣ ሁለቱም ላይ ይጮሃል።

ሳትነቅል የምትለይበት መንገድ አለ። ሁለቱንም የሬይል ፊውዝ አውጣ፣ ስፒከር አይኑር። የ12 ቮልት ባትሪ ፕላስን በ12 ቮልት 10 ዋት የመኪና አምፖል በኩል ከአራቱ 5200 ኮሌክተር ጋር አገናኝ። የባትሪውን ማይነስ የአራቱ 0.22 ኦም ሬዚስተሮች ከሚገናኙበት ነጥብ ጋር አገናኝ። ከስፒከር ተርሚናሉ ላይ እንዳታስረው፤ መከላከያው ሬሌይ ክፍት ስለሆነ ከረንት አያልፍም። አምፖሉ ከበራ በእያንዳንዱ 0.22 ኦም ላይ ያለውን ሚሊቮልት ለካ። 0.8 አምፕ ገደማ ስለሚያልፍ ሾርት ያደረገው ትራንዚስተር ሬዚስተር ላይ 180 ሚሊቮልት አካባቢ ታያለህ፤ በሌሎቹ ላይ ዜሮ ወይም የዜሮ ጎረቤት ይሆናል። ሁለት ከሆኑ 90፣ 90 ይካፈላሉ።

ሚሊቮልቱ በአራቱም ላይ ተበታትኖ ካገኘኸው ግን የአንዱ ቤዝ (መቆጣጠሪያ እግሩ) ከኮሌክተሩ ጋር ተጣብቆ ሌሎቹንም እየከፈተ ነው። ያኔ የእያንዳንዱን ሬዚስተር አንድ እግር ማንሳት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

የደሴው_ቴክኒሽያን፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ከነቀለ በኋላ ያለውን እኔ ልጨምር።

2ኤስሲ5200 ኤንፒኤን ነው (ቤዙ በፕላስ የሚከፈት ዓይነት፤ ፒኤንፒ ግልባጩ ነው)። ፊቱን ወደ አንተ፣ እግሩን ወደ ታች አድርገህ ስትይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኢሚተር ነው። ዲጂታል ቴስተር ዳዮድ ላይ አድርገህ ቀዩን ቤዝ ላይ ስትይዝ፣ ጥቁሩ ኢሚተርም ኮሌክተርም ላይ ከ0.5 እስከ 0.65 ቮልት ሊያሳይ ይገባል። የቤዝ ኮሌክተሩ ከቤዝ ኢሚተሩ በጥቂት ሚሊቮልት ያንሳል፤ እግሩን የማታውቀው ትራንዚስተር ሲገጥምህ ኮሌክተሩን የምትለየው በዚህ ነው። ሽቦውን ስታገላብጥ ሁለቱም ኦኤል (ከረንት አያልፍም ማለት ነው) መሆን አለባቸው። ከኮሌክተር ወደ ኢሚተር በሁለቱም አቅጣጫ ኦኤል። 1943 ፒኤንፒ ስለሆነ ጥቁሩ ነው ቤዝ ላይ የሚያዘው።

በዳዮድ ላይ ኦኤል ያለህን በ20 ሜጋኦም ክልልም ድገመው። ከኮሌክተር ወደ ኢሚተር ጥቂት መቶ ኪሎኦም የሚያሳይ ሲሊኮን ትራንዚስተር እያፈሰሰ ነው፣ አትመልሰው። ስትለካ ጣትህ ሁለቱንም እግር እንዳይነካ፤ የሰውነትህ ሬዚስታንስ ገብቶ ጤነኛውን የሚያፈስ ያስመስለዋል።

ባለ መርፌ ቴስተር የምትጠቀሙ፣ በኦም ክልል ጥቁሩ ሽቦ ነው የውስጥ ባትሪው ፕላስ። ይህን የረሳ ኤንፒኤኑን ፒኤንፒ ብሎ ይጽፋል። ሌላው ጥንቃቄ በ×10ሺህ ክልል ብዙዎቹ 9 ቮልቱን ባትሪ ጨምረው 12 ቮልት መስጠታቸው ነው። የ5200 ቤዝ ኢሚተር በተገላቢጦሽ የተፈቀደለት 5 ቮልት ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ×10ሺህ አትጠቀሙ።

ሬይል_ፕላስ፦
ይህን ሁሉ ከመድከም የቴስተሩ ኤችኤፍኢ (የትራንዚስተር መለኪያ) ሶኬት ላይ ቀጭን ሽቦ አስረዝሞ ጌይኑን (የኮሌክተር ከረንቱ የቤዙን ስንት እጥፍ እንደሆነ) ማንበብ አይበቃም? 60፣ 70 ካሳየ ደህና ነው።

ቮልት220፦
አይበቃም ወንድሜ። የዚያ ሶኬት የቤዝ ከረንት 10 ማይክሮአምፕ አካባቢ ነው። ጌይኑ 70 ሆኖ ቢያሳይህ በኮሌክተር ያለፈው 0.7 ሚሊአምፕ ነው ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያው ትራንዚስተር 3፣ 4 አምፕ ይሸከማል። ቺፑ በከፊል የተቃጠለ፣ ወይም የውስጥ ሽቦው የላላ ትራንዚስተር በ0.7 ሚሊአምፕ ቆንጆ ቁጥር ይሰጥና በ2 አምፕ ይወድቃል። በተቃራኒው ደግሞ እንደ 2ኤን3055 ያለው አሮጌ ፓወር ትራንዚስተር በዚያ ትንሽ ከረንት ጌይኑ ዝቅ ስለሚል ጤነኛውን እንድትጥለው ያደርግሃል። ቲፕ122ን የመሰሉ ዳርሊንግተኖችማ (ሁለት ትራንዚስተር በአንድ አካል) በቤዝና ኢሚተር መካከል የውስጥ ሬዚስተር ስላላቸው 10 ማይክሮአምፑን ሬዚስተሩ ይበላዋል፤ ሶኬቱ ዜሮ ያነባል፣ ትራንዚስተሩ ግን ምንም አልሆነም።

ዘጠኝ_ቮልት፦
ጌይንን በእውነተኛ ከረንት መለካት ከባድ አይደለም። የሚያስፈልገው 12 ቮልት ባትሪ፣ የመኪና 21 ዋት የፍሬን አምፖልና 220 ኦም 1 ዋት ሬዚስተር ነው።

ለ5200፦ ኢሚተሩን ከባትሪው ማይነስ፣ ኮሌክተሩን በአምፖሉ በኩል ከፕላስ ጋር አስር። መጀመሪያ ቤዙን ከኢሚተሩ ጋር አገናኝና እይ፤ አምፖሉ ጭራሽ መብራት የለበትም። ቀጥለህ ቤዙን በ220 ኦሙ በኩል ፕላስ ላይ ንካ። የቤዝ ከረንቱ 51 ሚሊአምፕ ይሆናል። ጤነኛው አምፖሉን በሙሉ ብርሃን ያበራል፣ 1.75 አምፕ ያህል ያልፋል፣ ከኮሌክተር ወደ ኢሚተር ያለው ቮልት ከ0.5 በታች ይወርዳል። ሚሊቮልቱን ከትራንዚስተሩ እግር ላይ ለካው፤ የአዞ መቆንጠጫው ራሱ ቮልት ይጥላል።

ለ1943 ግልባጩ ነው። ኢሚተሩ ፕላስ ላይ፣ ኮሌክተሩ በአምፖሉ በኩል ወደ ማይነስ፣ ቤዙም በ220 ኦም ወደ ማይነስ።

አምፖሉ ደብዝዞ ከቀረና 3 ወይም 4 ቮልት ትራንዚስተሩ ላይ ከቀረ ጌይኑ ወርዷል። የዚህ ትራንዚስተር ጌይን በ1 አምፕ ቢያንስ 55 ነው፤ 51 ሚሊአምፕ ቤዝ ሰጥተኸው 1.75 አምፕ መሸከም ካቃተው ከ35 በታች ወርዷል ማለት ነው። ሙከራውን ያለ ሂትሲንክ (ሙቀት ማስወገጃ ብረት) ከ5 ሰከንድ በላይ አታቆየው፤ ደካማው 5 ዋት ገደማ ስለሚያነድ ቶሎ ይግላል። እየተለካ አምፖሉ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ ወይም እግሩን በቀስታ ሲነኩት ብርሃኑ የሚለወጥ ከሆነ የውስጥ ሽቦው ለቋል።

ሰሚራ_ሰ፦
የዘጠኝ_ቮልት ሙከራ ጥሩ ነው፤ ግን ከረንትን ነው እንጂ ቮልትን አይፈትንም። የኦዲዮ_ሐዋሳ አምፕሊፋየር ±65 ነው። አንዱ ወገን ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሌላው ወገን ላይ ወደ 130 ቮልት ይቀመጣል። በቴስተር 3 ቮልት እና በባትሪ 12 ቮልት ያለፈ ትራንዚስተር በ90 ቮልት ላይ ሊሰበር ይችላል። ፊውዙ የሚሄደው ድምፁ ከፍ ሲል ብቻ ከሆነ፣ ሁሉም ነገር ሲለካ ደህና እየሆነ ካስቸገረ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይህ ነው።

ቮልቱን ከራሱ ከአምፕሊፋየሩ ማግኘት ይቻላል። የሁለቱም ቻናል ፊውዞች ወጥተው ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሮቹ ብቻ ሲሠሩ በፕላስና በማይነስ ሬይል መካከል 130 ቮልት ዲሲ አለ። የተነቀለውን 5200 ቤዝና ኢሚተር አንድ ላይ በይዱና ከማይነስ ሬይል ጋር አያይዙ። ኮሌክተሩን በ100 ኪሎኦም ግማሽ ዋት ሬዚስተር በኩል ከፕላስ ሬይል ጋር አያይዙ። ሁሉንም ኃይል ተዘግቶ ካፓሲተሮቹ ከፈሰሱ በኋላ እሰሩ፤ ቴስተሩንም በ100 ኪሎኦሙ ላይ ቀድማችሁ በመቆንጠጫ አያይዙት። ከዚያ ብቻ ኃይል ስጡ፣ እጃችሁን አታስገቡ። 130 ቮልት ዲሲ ይገድላል።

ቴስተሩ 1 ቮልት ካሳየ የሚያፈሰው 10 ማይክሮአምፕ ነው። ለ5200 የአምራቹ ጣሪያ በ230 ቮልት 5 ማይክሮአምፕ ስለሆነ ከ0.5 ቮልት በላይ ማንበብ የለባችሁም፤ አዲስና ጤነኛ የሆነው በሚሊቮልት ነው የሚያሳየው። ቀጥላችሁ በፀጉር ማድረቂያ እስኪሞቅ አሙቁት። ቁጥሩ ይጨምራል፣ ያ ተፈጥሮው ነው፤ በየ10 ዲግሪው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ማሞቂያው ከተነሳ በኋላም መውጣቱን የሚቀጥል ወይም ዝም ብሎ የሚዘልል ከሆነ ወደ ቆሻሻ።

ቤዙን ክፍት ትታችሁ እንዳትለኩ። ቤዝ ክፍት ሲሆን ትንሿ ፍሳሽ በጌይኑ ትባዛና ጤነኛው ታማሚ ይመስላል።

ሶላር_ጎንደር፦
ክሩን ላስረዝመው ይቅርታ። ይህ ሁሉ ለሞስፌትም (በጌቱ ላይ በሚሰጥ ቮልት ለሚከፈተው ትራንዚስተር) ይሠራል? ከ12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር ኢንቨርተር ነው፣ በባትሪው ወገን ስምንት አይአርኤፍ3205 አለው። ስምንቱም ከድሬይን ወደ ሶርስ (እንደ ኮሌክተርና ኢሚተር ያሉት እግሮች) ይጮሃሉ።

ዘጠኝ_ቮልት፦
እዚያም ስምንቱ በአንዴ ሄደዋል ብለህ አትደምድም። አራት አራት ሆነው በትራንስፎርመሩ የመጀመሪያ ጥምጥም ሁለት ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ጥምጥሙ ጥቂት ዙር ወፍራም መዳብ ስለሆነ ለቴስተር ሽቦ ነው። በአንዱ ቡድን ያለ አንድ ሾርት የሌላውን ቡድን ድሬይንም ሾርት ያስመስላል። የጥምጥሙን አንድ ጫፍ ከቦርዱ ንቀል፤ የትኛው ቡድን እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

በቡድኑ ውስጥ የቮልት220 የሚሊቮልት ዘዴ አይሠራልህም፤ የሶርስ ሬዚስተር የለም። በጌት በኩል ግባ። ሾርት ያደረገ ሞስፌት አብዛኛውን ጊዜ ጌቱም ከሶርሱ ጋር ይጣበቃል። እያንዳንዱ ጌት ደግሞ የራሱ ሬዚስተር አለው፣ ከ10 እስከ 47 ኦም። ከጌት ወደ ሶርስ በእያንዳንዱ እግር ላይ ለካ። የተበላሸው ጥቂት ኦም ወይም ከዚያ በታች ያሳያል፤ ጎረቤቶቹ የሁለት ጌት ሬዚስተር ድምር ያህል ያሳያሉ፣ ሬዚስተሩ 22 ከሆነ 44 አካባቢ። ሁሉም ጤነኛ ሲሆን ከጌት ወደ ሶርስ የምታነበው የማውረጃውን ሬዚስተር ነው፣ ብዙ ጊዜ 10 ኪሎኦም።

የተነቀለው 3205 ላይ፦ ቀዩ ሶርስ፣ ጥቁሩ ድሬይን ሲሆን የውስጥ ዳዮዱ ከ0.4 እስከ 0.6 ያሳያል፤ ሲገለበጥ ኦኤል። ጌት ወደ ሁለቱም ኦኤል። ከዚያ መክፈት መዝጋቱን ፈትን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ጤነኛ ሞስፌት የሚጥለው፤ ብዙ ቴስተሮች ዳዮድ ላይ የሚሰጡት 3 ቮልት ገደማ ነው፣ የ3205 መክፈቻ ቮልት ግን ከ2 እስከ 4 ነው። ባይከፈት የቴስተሩ አቅም ማነስ ሊሆን ይችላል። በ9 ቮልት ባትሪ ማይነሱን ሶርስ ላይ አድርገህ በፕላሱ ጌቱን ለአንድ አፍታ ንካና አንሳ። ሞስፌቱ ተከፍቶ ይቆያል፤ ከድሬይን ወደ ሶርስ ቴስተሩ ይጮሃል። ጌትና ሶርስን በፒንሳ ስታገናኝ ይዘጋል፣ ኦኤል ይላል። ከፍተኸው ሳትነካው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ራሱ የተዘጋ ከሆነ ጌቱ እያፈሰሰ ነው። እርጥብ ጠረጴዛና የፍላክስ ቅሪትም ያንኑ ያደርጋሉ፣ በአልኮል አጽዳና ድገም።

ወደ ከረንት ሙከራ ስትመጣ በዚያው በ21 ዋት አምፖል ጌቱን በ1 ኪሎኦም ወደ 12 ቮልት አድርገህ ክፈተው። 8 ሚሊኦም በ1.75 አምፕ 14 ሚሊቮልት ነው። ከፕላስቲኩ ሥር እግሩ ላይ ለክተህ 14 ወይም ከዚያ በታች ካገኘህ እውነተኛ ነው። 50 ሚሊቮልት ካሳየህ ሌላ ቺፕ ላይ 3205 ተብሎ ተጽፎበታል።

ሰሚራ_ሰ፦
ሶላር_ጎንደር፣ ሞስፌቱን ከመለወጥህ በፊት የሞተውን የጌት ሬዚስተር ለካ። ሞስፌት ሲሞት የድሬይኑን ቮልት በጌቱ ወደ ድራይቨሩ (ጌቱን ወደሚነዳው ክፍል) ይመልሳል፤ ሬዚስተሩ ይቃጠላል ወይም ዋጋው ይቀየራል፣ ከበስተጀርባው ያሉት 8050 እና 8550 ትንንሽ ትራንዚስተሮች አብረው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም መቆጣጠሪያ አይሲው ቲኤል494 ራሱ። አዲሱን ሞስፌት ሳታስገባ ቦርዱን በ12 ቮልት ክፈትና በየጌቱ ፓድ ላይ ዲሲ ለካ። ሁለቱ ቡድኖች ተመሳሳይ ቮልት ካላሳዩ፣ አንዱ 0 ሌላው 12 ከሆነ፣ አዲሶቹን ለማቃጠል አትቸኩል።

ባትሪህ 24 ቮልት ከሆነ ደግሞ 3205 ከመጀመሪያውም ቦታው አይደለም። በዚህ ዓይነት ሰርኪት የተዘጋው ሞስፌት የባትሪውን እጥፍ ነው የሚያየው፤ 28.8 ሲሞላ 57.6 ይሆናል፣ የ3205 ጣሪያ 55 ነው። ባለ 100 ቮልቱን አይአርኤፍቢ4110 ወይም አይአርኤፍ3710 ፈልግ።

የደሴው_ቴክኒሽያን፦
ሳይበላሹ «ሾርት ናቸው» ተብለው ስለሚጣሉት አንድ ነገር ልበል። የድሮው ቲቪ ሆሪዞንታል ትራንዚስተር፣ መጨረሻው ላይ ዲ ያለበት እንደ ቢዩ2508ዲኤፍ ያለው፣ በቤዝና ኢሚተር መካከል በአሥሮች የሚቆጠር ኦም የውስጥ ሬዚስተር አለው። ቴስተሩ ይጮሃል፣ ትራንዚስተሩ ግን ጤነኛ ነው። የእሱ ፍርድ ያለው ከኮሌክተር ወደ ኢሚተር ነው፦ በአንድ አቅጣጫ የውስጥ ዳዮድ፣ በሌላው ኦኤል። ዳርሊንግተንም በተመሳሳይ፣ ቲፕ122 ከቤዝ ወደ ኢሚተር 8 ኪሎኦም አካባቢ በሁለቱም አቅጣጫ ማሳየቱ ተፈጥሮው ነው።

አሁን በየቤቱ እየገባ ባለው የኢንዳክሽን ምድጃ ያለው አይጂቢቲ (እንደ ሞስፌት በጌቱ የሚከፈት ትራንዚስተር) ደግሞ መክፈቻው 5 ቮልት እና ከዚያ በላይ ስለሆነ በቴስተር ጭራሽ አይከፈትም፤ የግድ 9 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ሾርት ካደረገ ብሪጁንም (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩትን ዳዮዶች)፣ የጌቱን 18 ቮልት ዜነርም፣ ከኮይሉ ጋር ያለውን 0.3 ማይክሮፋራድ ገደማ ካፓሲተርም አብራችሁ ለኩ። ካፓሲተሩ አቅሙ ወርዶ ከሆነ አዲሱ አይጂቢቲ መጥበሻ እንደተቀመጠ ይሄዳል።

ኦዲዮ_ሐዋሳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ያላችሁኝን በሙሉ ሠራሁ። በባትሪና በ10 ዋት አምፖል አንዱ 0.22 ኦም ላይ 181 ሚሊቮልት፣ በሦስቱ ላይ 0 አገኘሁ። ያንን ነቅዬ ስለካው ኮሌክተር ኢሚተር ሾርት ነው፤ በቦርዱ ላይ የሌሎቹ መጮህ ቆመ። ሦስቱንም ነቅዬ ዳዮድ ላይ ከ0.52 እስከ 0.56 አሳዩ፣ ሁሉም ያለፉ ይመስላል። በ21 ዋት አምፖል ግን አንዱ አደበዘዘ፣ 3.9 ቮልት ቀረበት። በ130 ቮልቱ ሙከራ ከ1943ዎቹ አንዱ 2.4 ቮልት በ100 ኪሎኦሙ ላይ አሳየ፤ ሌሎቹ ከ10 ሚሊቮልት በታች ናቸው። ለፒኤንፒው ኢሚተርና ቤዙን ፕላስ ላይ፣ ኮሌክተሩን በሬዚስተሩ ወደ ማይነስ ነው ያደረግሁት። የጠፉትን ሦስቱን ብቻ ልቀይር ወይስ ስምንቱን?

ቮልት220፦
የፒኤንፒው አያያዝህ ትክክል ነው። 2.4 ቮልት 24 ማይክሮአምፕ ነው፤ ትንሽ ይመስላል ግን ከጣሪያው በብዙ ያልፋል፣ ሲግልም ይባዛል። አምፖሉ ላይ 3.9 የቀረበት ደግሞ ጌይኑ ወደ 28 ወርዷል። በዳዮድ ብቻ ብትሄድ ኖሮ ሁለቱንም መልሰህ ትበይዳቸው ነበር።

ስምንቱንም ቀይር። ምክንያቱ ጌይን ነው። አራት ትራንዚስተር ከረንት የሚካፈለው 0.22 ኦሙ ሲያግዛቸውና የራሳቸው ጌይን ሲቀራረብ ነው። ሁለት አዲስና ሁለት ያረጀ ስትቀላቅል ሸክሙ ወደ ጠንካራው ያደላል። ይህ ትራንዚስተር 150 ዋት የሚችለው አካሉ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ 100 ዲግሪ ሲደርስ 60 ዋት ብቻ ይቀረዋል። የበለጠ የተሸከመው ይግላል፣ የጋለው የበለጠ ይከፍታል። ከገዛሃቸው ውስጥ በአምፖሉ ዘዴ 220 ኦሙን በ1 ኪሎኦም ተክተህ ጌይናቸውን አወዳድርና የተቀራረቡትን አራት አራት ምረጥ። በ1 ኪሎኦም ቤዙ 11 ሚሊአምፕ ስለሚሆን ማንም ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ልዩነቱ በኮሌክተሩ ቮልት ላይ ይታያል። እዚህ ሂትሲንክ ላይ አስረህ ለካ።

ሰሚራ_ሰ፦
አሮጌዎቹን አትጣላቸው፣ ኦሪጅናል ከሆኑ አዲሶቹን የምትመዝንባቸው እነሱ ናቸው። 5200 እና 1943 አስመሳይ በብዛት ከሚሠራባቸው ትራንዚስተሮች ናቸው። ሾርት ያደረገውን በፒንሳ ሰብረህ ቺፑን እይ፣ ከገዛሃቸው አንዱንም መሥዋዕት አድርገህ ስበር። አስመሳዩ ውስጥ ያለው ቺፕ በግልጽ ያንሳል። መስበር ካልፈለግህ ትንሿን የቻይና ክፍል መለያ ወይም የካፓሲተር መለኪያ ውሰድና ከኮሌክተር ወደ ቤዝ ያለውን ካፓሲታንስ ከጤነኛ ኦሪጅናል ጋር አወዳድር። ግማሽ ከሆነ ቺፑም ግማሽ ነው። በጥጥ አሴቶን ነክተህ ጽሑፉን እሽው፤ ተፍቆ እንደገና የተቀባ ከሆነ ይለቃል። ቶሺባ ተተኪ አድርጎ ያወጣቸው ቲቲሲ5200 እና ቲቲኤ1943 በዚያው ቦታ ይገባሉ፣ ከታመነ ሻጭ ካገኘሃቸው እነሱን ውሰድ።

ዘጠኝ_ቮልት፦
ከመበየድህ በፊት ዙሪያውን ጨርስ። የሞተው 5200 ቤዝ ሬዚስተር ካለው ለካው፣ 4.7 ኦም ተብሎ 300 ኦም ሆኖ ይገኛል። አራቱንም 0.22 ኦም ለካ፤ ሽቦዎቹን አገናኝተህ ያገኘኸውን ቁጥር ቀንስ። ድራይቨሮቹን፣ ምናልባት 2ኤስሲ4793 እና 2ኤስኤ1837፣ ነቅለህ በዳዮድም በቮልትም ፈትናቸው፤ የፓወር ትራንዚስተር ሾርት ሳይነካቸው አይቀርም። ባያሱን (ድምፅ ሳይኖርም የሚያልፈውን ትንሽ ከረንት) የሚጠብቀው ትንሽ ትራንዚስተር ሂትሲንኩ ላይ በደንብ መጠጋቱን እይ። መውጫው ላይ ከካፓሲተር ጋር በተከታታይ ያለው 10 ኦም ሬዚስተር ጠቁሮ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ኦሲሌት ያደርግ (በራሱ ይርገበገብ) ነበር፣ ያ ሳይስተካከል አዲሶቹ አይቆዩም። የስፒከር ሬሌዩ ኮንታክትም ተጣብቆ እንዳይሆን፤ 65 ቮልት ዲሲ በ8 ኦም ስፒከር ላይ ከ500 ዋት በላይ ነው፣ ኮይሉ ወዲያው ይነዳል።

ማይካዎቹን (ትራንዚስተሩን ከሂትሲንኩ የሚለዩትን ስስ ማገጃዎች) በአዲስ ቀይር፣ ግሪሱ ስስ ይሁን። ካሰርክ በኋላ እግሮቹን ሳትበይድ ከእያንዳንዱ ኮሌክተር ወደ ሂትሲንኩ በ20 ሜጋኦም ለካ፣ ኦኤል መሆን አለበት። በማይካው ሥር የገባች የብረት ፍቅፋቂ ስምንቱንም ትወስዳለች።

ኦዲዮ_ሐዋሳ፦
ድራይቨሮቹ አለፉ፤ አንድ ቤዝ ሬዚስተር ተከፍቶ አግኝቼ ቀይሬዋለሁ፣ 10 ኦሙ ደህና ነው። ኃይል ስሰጥ በምን ቅደም ተከተል?

ቮልት220፦
100 ዋት የክር አምፖል ከ220ው ጋር በተከታታይ አስር። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ የሚያስፈልገን ሲግል ሬዚስታንሱ የሚጨምረው ክር ነው። የቀኙን ቻናል ፊውዞች አውጣ፣ ስፒከር አይኑር፣ የግቤት ገመድ ንቀል። የባያስ ማስተካከያውን ባያስ ወደሚቀንስበት ጫፍ አዙረው፤ የቱ ጫፍ እንደሆነ በቦርዱ ላይ ሬዚስታንሱን ለክተህ ከቀኙ ቻናል ጋር አስተያይ።

ክፈት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ መደብዘዝ አለበት። በሙሉ ብርሃን ከቆየ ወዲያው ዝጋ፤ አሁንም ሾርት አለ ወይም አንዱ ተገልብጦ ገብቷል። ከደበዘዘ መውጫው ላይ ከሬሌዩ በፊት ዲሲ ለካ፣ ከ50 ሚሊቮልት በታች ነው የምትፈልገው። 60 ቮልት አካባቢ ካየህ ስህተቱ በፊተኛው ክፍል ነው፣ ወደ ፓወር ትራንዚስተሮቹ አትመለስ።

ይህ ካለፈ አምፖሉን አውጣና የሬይል ፊውዞቹን ለጊዜው በ2 አምፕ ተክተህ በቀጥታ ክፈት። ባያሱን ከ0.22 ኦሞቹ አንዱ ላይ እየለካህ ቀስ በቀስ አምጣው። የቀኙን ቻናል ፊውዞች መልሰህ በሞቀ ጊዜ የሚያሳየውን ሚሊቮልት ለካና ግራውን ከዚያ ጋር አስተካክል፤ 5.5 ሚሊቮልት ከሆነ በአንድ ትራንዚስተር 25 ሚሊአምፕ ነው። ሩብ ሰዓት ሲሞቅ ድገመው። እየጨመረ መሄዱን ካላቆመ የባያስ ትራንዚስተሩ ሙቀቱን እያገኘ አይደለም። ስምንቱንም ሬዚስተር ለየብቻ ለካ፣ አንዱ 6 ሲሆን ሌላው 1 ከሆነ ትራንዚስተሮቹ አልተቀራረቡም። ስፒከርና ትክክለኛው ፊውዝ የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ በ8 ኦም፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።